የድሮ የጀርመን ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ማንበብ የሚችል አለ? አንድ የመንደር ስም ላይ ተይዣለሁ

የመንትዮቹ እናት (ጠያቂ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ሚዙሪ ነው የምኖረው፣ ከሴንት ሉዊስ ወጣ ብሎ። ባለቤቴ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ ዘሩ ግን ከጀርመን ነው። መንትዮቻችን ትምህርት ቤት የዘር ሐረጋችሁን አምጡ ተባሉ። በእኔ በኩል ችግር የለም፤ አባዬ በስልክ ሳይተነፍስ ሰባት ቤት ቆጠረላቸው። በአባታቸው በኩል ግን አምስተኛው ላይ ስንደርስ ዝም። ባለቤቴን "ከዚያስ?" ስለው "ጀርመኖች ነበሩ" ይለኛል፤ እሱን ብሎ ቡናውን ይዞ ይሄዳል። ልጆቹ ያገኙትን አስረክበው ማርካቸውን ተቀበሉ። እኔ ግን ነገሩ ከነከነኝና ይኸው እስካሁን አልወጣሁበትም።

የያዝኩትን ልንገራችሁ። ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

የምፈልጋቸው ሰውዬ የባለቤቴ አያት አያት ናቸው። የቤተሰቡን ስም እዚህ አላወጣም፤ መጨረሻው ላይ "ማየር" የሚል አለው። ማርታስቪል አካባቢ፣ ሚዙሪ ወንዝ አጠገብ የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ። በ1860 የሕዝብ ቆጠራ ላይ የትውልድ አገራቸው "ሃኖቨር" ይላል። በ1880ው ላይ ደግሞ "ፕሩሺያ"። ያው ሰውዬ፣ ያቺው ሚስት፣ እነዚያው ልጆች። ሰው ሁለት ቦታ ይወለዳል እንዴ? አማቴ ካስቀመጡት ካርቶን ውስጥ ደግሞ የ1858 የዜግነት ወረቀታቸው ወጣ። ለሃኖቨር ንጉሥ የነበራቸውን ታማኝነት እንደተዉ ይገልጻል፤ መንደራቸውን ግን አያነሳም።

የሞቱት በ1897 ነው። ሚዙሪ በመላው ስቴት የሞት ሰርተፍኬት መስጠት የጀመረችው በ1910 ስለሆነ እሱ የለም። የቀብር መዝገብ ግን አገኘሁ። የጀርመን ኢቫንጀሊካል ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ዛሬም አለ፣ አምልኮው በእንግሊዝኛ ሆኗል እንጂ። የቢሮዋ ሴትዮ መዝገቡን ከቁም ሳጥን አውጥታ ፎቶ እንዳነሳ ፈቀደችልኝ።

ችግሩ ጽሑፉ ነው። የአጥር እንጨት የተደረደረ ነው የሚመስለው፣ ሁሉም ፊደል ቀጥ ቀጥ ያለ ነው። ቁጥሮቹ ደህና ይነበባሉ፦ መጋቢት 14 ቀን 1897፣ ዕድሜ 67 ዓመት ከ4 ወር ከ9 ቀን። ከዚያ የተወለዱበት ቦታ ይመጣል። መጀመሪያ "ቢ"። ቀጥሎ ሁለት "ኤን" የሚመስሉ ፊደሎች፤ የፊተኛዋ ላይ ትንሽ ቅስት አለች። መጨረሻው "አር"። ብንንር የሚባል አገር አለ? ከሥሩ ደግሞ "አምት" ብሎ በ"ግር" የሚጀምርና በ"በርግ" የሚያልቅ ረዘም ያለ ስም አለ።

ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት አንድ "የዘር ባለሙያ" ገንዘቤን ተቀብሎ "በርን ነው" ብሎ ላከልኝ። በርን ስዊዘርላንድ ነው እኮ! የሃኖቨር ንጉሥ እዚያ ምን አገባቸው?

ፎቶውን አያይዣለሁ። የምታነቡ ካላችሁ እግዜር ይስጣችሁ። ከዚያ በኋላስ ወዴት ልሂድ?

ጋሽ መዝገቡ

እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። እኔ የተማርኩት ላይፕሲግ ነው፣ የበርሊን ግንብ ሳይፈርስ። በዚያው ጀርመን ቀረሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ እንዲህ ያለ ጽሑፍ መልቀም ሆኗል፤ ባለቤቴ "የሰው ዘር ስትቆጥር የራስህን የልጅ ልጆች ልደት ትረሳለህ" እያለች ትቆጣኛለች።

ጽሑፉ ኩረንት ይባላል። ጀርመኖች ለብዙ ዘመን በዚህ ነው የተጻጻፉት፤ ከ1941 ወዲህ ከትምህርት ቤት ቀረ። አሁን ወጣት ጀርመን ብትጠይቂ የአያቱን ደብዳቤ ማንበብ አይችልም። ለአንቺ ሁለት ነገር ይበቃሻል። ቅስት ያለባት "ዩ" ናት፤ ቅስቷ የምትደረገው ከ"ኤን" እንድትለይ ነው። ቅስት የሌላት ደግሞ "ኢ" ናት። በኩረንት "ኢ" ለዓይን ቁርጥ "ኤን" ነው የምትመስለው፤ ሁሉም ሰው መጀመሪያ እዚያ ነው የሚሰናከለው። እንግዲህ ቢ፣ ዩ፣ ኢ፣ አር። ቡኤር።

አሁን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቡኤር ሁለት ነው። አንዱ ዛሬ የጌልዘንኪርሽን ከተማ አካል ነው፤ የዌስትፋሊያ ምድር ነው፣ ሕዝቡም ከጥንት ካቶሊክ ነበር። ሁለተኛው ከኦስናብሩክ በስተ ምሥራቅ፣ ሜለ የምትባል ከተማ አጠገብ ያለው ነው፤ እሱ የሉተራኖች ደብር ነው፣ እስከ 1866 ድረስም በሃኖቨር መንግሥት ሥር ነበር። የአንቺ ሰውዬ ፕሮቴስታንት ናቸው፣ የካዱትም የሃኖቨርን ንጉሥ ነው። ፎቶውን አጉልቼ ሳየው ደግሞ የታችኛው መስመር "አምት ግሮነንበርግ" ነው የሚለው። እሱ የሜለ አካባቢ የድሮ ወረዳ ስም ነው። ስለዚህ አለቀ፤ የሜለው ቡኤር ነው። ያ ባለሙያ ገንዘብሽን ይመልስልሽ።

ሁለት ቦታ ተወለዱ ወይ ላልሽው፣ አልተወለዱም። በ1866 ፕሩሺያና ኦስትሪያ ሲዋጉ ሃኖቨር ከኦስትሪያ ጎን ቆመች። ፕሩሺያ አሸነፈች፣ ንጉሡ ተባረሩ፣ አገሩም የፕሩሺያ ክፍለ ሀገር ሆነ። ስለዚህ በ1860 "ሃኖቨር" የተባለው በ1880 "ፕሩሺያ" ቢባል እውነት ነው። መንደሩ አልተነቃነቀም፤ የተለወጠው ገዢው ነው። "ጀርመን" የሚባል አንድ አገር የመጣውም በ1871 ነው።

ዕድሜውን በወርና በቀን መጻፋቸው ደግሞ ትልቅ ሲሳይ ነው። ከመጋቢት 14 ቀን 1897 ላይ 67 ዓመት፣ 4 ወር፣ 9 ቀን ቀንሺ። ኅዳር 5 ቀን 1829 ይመጣል። የጥምቀት መዝገቡን ስትከፍቺ ከዚያ ቀን ጀምረሽ ወደ ታች ውረጂ፤ ብዙ ጊዜ በተወለዱ በጥቂት ቀን ውስጥ ነው የሚጠመቁት። ቄሱ ቀኑን "9ብር" ብሎ ቢጽፍ ዘጠኝ ብር እንዳይመስልሽ፣ ኅዳር ማለቱ ነው። መስከረምን በ7፣ ጥቅምትን በ8፣ ኅዳርን በ9፣ ታኅሣሥን በ10 እያሉ የሚያሳጥሩት በጥንቱ የሮማውያን አቆጣጠር ነው። ብዙ ሰው 9 ሲያይ በፈረንጅ ዘጠነኛው ወር መስሎት መስከረም ገጽ ላይ እየፈለገ ይውላል።

የመንግሥት መዝገብ በዚያ ዘመን አትፈልጊ። ፕሩሺያ የልደትና የሞት ምዝገባን ለመንግሥት ያደረገችው በጥቅምት 1874 ነው፤ መላው ጀርመን ደግሞ በጥር 1876። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ በቄሱ እጅ ነው። የፕሮቴስታንቱን "አርኪዮን" በሚባል ድረ ገጽ ታገኚዋለሽ፤ ይከፈልበታል፣ ግን ለአንድ ወር ብቻ መግባት ይቻላል። ሃኖቨር በሚለው ሥር ግቢና ቡኤርን ፈልጊ። "ማትሪኩላ" የሚባለው ነጻ ነው፤ አብዛኛው ግን የካቶሊክ ስለሆነ ለአንቺ አይሆንም። ፋሚሊሰርችንም እግረ መንገድሽን እይው፣ ነጻ ነው።

ዳኒ ከዳላስ

ይቅርታ፣ ይህን ሁሉ ከምትለፊ የመርከብ ዝርዝር ለምን አታዪም? የሃምቡርግ ዝርዝር ላይ ሰውዬው ከየት መንደር እንደመጣ ሁሉ ይጽፋሉ ሲባል ሰምቻለሁ።

ጋሽ መዝገቡ

ዳኒ፣ ልክ ነህ፤ ሃምቡርግ ከ1850 ጀምሮ ያለው አለ፣ የመጡበትን ቦታም ይጽፋል። ግን የኦስናብሩክ ሰው ቅርቡ ብሬመን ነው፣ አብዛኛውም በዚያ ነው የወጣው። የብሬመንን ዝርዝር ደግሞ ራሳቸው ጀርመኖች ቦታ ጠበበን ብለው ጣሉት። የተረፈው ከ1920 ወዲህ ያለው ነው። አሜሪካ ሲደርሱ የተጻፈው ደግሞ በዚያን ጊዜ አገር እንጂ መንደር አይጠይቅም። ወደ ሚዙሪ የሚሄደው ሰው ባቡሩ ሳይደርስ በፊት ብዙ ጊዜ ኒው ኦርሊንስ ወርዶ በእንፋሎት ጀልባ ሚሲሲፒን ሽቅብ ነበር የሚወጣው። ኒው ኦርሊንስን ብታዪ ዓመተ ምሕረቱን ታገኚ ይሆናል፣ ከዚያ አያልፍም።

የሚልዋኪዋ

የመንትዮቹ እናት፣ ዕድለኛ ነሽ ልበልሽ። የእኔ ባል ዘሮች ከፖሜራኒያ ናቸው። የፕሩሺያ ንጉሥ በ1817 ሁለቱን የፕሮቴስታንት ወገኖች፣ ሉተራኑንና ሪፎርሙን፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ሲያዋህድ አሻፈረን ካሉት ወገን ናቸው፤ በ1839 ተሰብስበው ወደ ዊስኮንሲን መጡ። የዚያ አገር አብዛኛው ዛሬ ፖላንድ ነው። በ1945 ጦርነቱ ሲያልቅ የስንቱ ደብር መዝገብ ጠፋ መሰለሽ። የተረፈው ደግሞ ተበታትኗል፤ ጥቂቱ በርሊን፣ ጥቂቱ ሽቼቺን። የእኛ መንደር የጥምቀት መዝገብ እስካሁን የለም። ስለዚህ እኔ በጎን ነው የገባሁት።

በጎን ማለቴ በጎረቤት። እነዚህ ሰዎች ብቻቸውን አይመጡም ነበር። ወንድም ይመጣል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ በሚቀጥለው ዓመት የአጎት ልጅ፣ ከዚያ የመንደሩ ግማሽ። አሜሪካ ከገቡም በኋላ ጎን ለጎን ነው መሬት የሚገዙት። በቆጠራው ወረቀት ላይ ከላይና ከታች ያሉትን አምስት አምስት ቤተሰብ ጻፊ። ከዚያ እዚያው ሚዙሪ ያለውን የልጆቻቸውን የጥምቀት መዝገብ ገልጠሽ የክርስትና አባትና የክርስትና እናት ማን እንደሆነ እይ። ሰው ሁሉ የሚዘለው ያችን ዓምድ ነው። እኔ ግን የባሌን ቅድመ አያት እኅት ያገኘኋት እዚያ ነው፤ ባል አግብታ ስሟ ተቀይሮ፣ የወንድሟን ልጅ ክርስትና አንሥታ። መንደራቸው የተጻፈው በእሷ መቃብር ድንጋይ ላይ እንጂ በእሱ ላይ አልነበረም።

ሌላ ደግሞ፣ የአማትሽን ካርቶን እንደገና በርብሪ። ብዙዎቹ ከአገር ሲወጡ ከቄሱ የጥምቀት ወረቀት አጽፈው ነበር የሚይዙት። የቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ ካለ ሽፋኑንና የመጀመሪያዎቹን ባዶ ገጾች እዪ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስሙ ላይ አትድረቂ። ሙለር ሚለር ይሆናል፣ ሽሚት ስሚዝ ይሆናል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመን መሆን ራሱ ያሳፍር ነበር። አዮዋ ውስጥ በ1918 ገዢው በስልክ እንኳ ከእንግሊዝኛ ሌላ አትናገሩ ብሎ አዋጅ አውጥቷል። ያኔ ነው ስንቱ ስሙን ያስተካከለው፣ አብያተ ክርስቲያናቱም ጀርመንኛውን የተዉት። ባልሽ ከ"ጀርመኖች ነበሩ" በላይ የማያውቀው ዝም ብሎ አይደለም፤ አያቶቹ ሆን ብለው ያልነገሩት ሊሆን ይችላል።

የመንትዮቹ እናት

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። የሚልዋኪዋ እኅቴ፣ አንቺም። ተገኙ!

አርኪዮን ላይ የአንድ ወር ከፍዬ ገባሁ። የቡኤር ጥምቀት፣ 1829። ዓይኔ ሊጠፋ ምንም አልቀረው፣ ግን ጋሼ እንዳሉት ከኅዳር 5 ጀምሬ ወረድኩ። ልደት ኅዳር 5፣ ጥምቀት ኅዳር 8። ቀኑን ቆጥሬ አየሁት፣ እሑድ ነው። ስማቸው ሦስት ነው፤ እኛ አሜሪካ ያለው ወረቀት ላይ የምናውቀው መጨረሻውን ብቻ ነው። መጀመሪያው ዮሐን ነው። ወንድሞቻቸውም ሁሉ ዮሐን ናቸው፣ አራቱም! አንዱ ዮሐን ጎን ትንሽ መስቀል አለች፤ በልጅነቱ ሞቷል ማለት ነው መሰለኝ።

የክርስትና አባትየውን ስም ሳነብ ደግሞ ደነገጥኩ። የቤተሰቡ ስም ማርታስቪል ቆጠራ ላይ ሦስት ቤት ዝቅ ብሎ አለ። ዕድሜያቸው አይገጥምም፤ ምናልባት ልጃቸው ወይም የወንድማቸው ልጅ ይሆናል። እኅቴ፣ ያልሽው ጎረቤት ይኸው።

አሁን ግን አዲስ ጣጣ መጣ። የአባትየው ስም ሌላ ነው። በፍጹም "ማየር" የሌለበት ስም ተጽፎ፣ ቀጥሎ "ጌናንት" ይልና ከዚያ የእኛ "ማየር" ይመጣል። እናትየው ደግሞ ትውልዷ ያው "ማየር" ነው የሚለው። ባለቤቴን ቡናውን ሳይዝ ያዝኩትና አነበብኩለት። "ታዲያ እኔ ማን ነኝ?" አለኝ። እኔ ምን ልበለው? ዝምድና ተጋብተው ይሆን እንዴ?

ጋሽ መዝገቡ

እንኳን ደስ አለሽ! አትደንግጪ፣ ዝምድና አይደለም። ይህ የዚያ አገር ወግ ነው። በኦስናብሩክ፣ በራቨንስበርግና በሊፐ ዙሪያ ስም የሚይዘው እርሻው ነው። ማየር የሚል ስም ደግሞ በዚያ አገር እንደ አሸን ነው፤ ብዙ ጊዜ የትልቅ እርሻ ስም ነው። እርሻው ለልጅቱ ከወረደ የሚያገባት ወንድ እዚያ ገብቶ ሲኖር በእርሻው ስም ይጠራል። "ጌናንት" የሚለው "በዚህ የሚጠራ" ለማለት ነው። ልጆቹም በእርሻው ስም ይጠመቃሉ። እንግዲህ ባልሽ የያዘው ስም ከእናትየው ቤት የመጣ ነው። በወንድ ሐረግ ከተቆጠረ ግን ያ ፊተኛው ስም ነው የእሱ።

ለምን አገር ጥለው እንደሄዱም ከዚሁ ይገባሻል። በዚያ አካባቢ እርሻ አይከፋፈልም፤ አንዱ ልጅ ብቻ ይወርሳል። ሌሎቹ ወይ የሰው ጎጆ ተከራይተው ለገበሬው ጉልበት እየከፈሉ ይኖራሉ፣ ወይ ይሰደዳሉ። ጭሰኛው ኑሮውን የሚደጉመው ቤቱ በሚፈትለውና በሚሸምነው ተልባ ነበር፤ የፋብሪካ ጨርቅ ሲመጣ እሱም ሞተ። አራት ዮሐን፣ አንድ እርሻ። አንዱ ሞተ፣ አንዱ ወረሰ እንበል፤ የቀሩት ሚዙሪ ነው መንገዳቸው። ስለዚህ ሌላኛውን ዮሐንም አሜሪካ ፈልጊው፣ ያንቺው አካባቢ ሊሆን ይችላል።

መስቀሏ እንዳልሽው ነው፣ የሞተ ልጅ ምልክት ናት። ዮሐን መብዛቱም አያስደንቅ፤ የሚጠራው በኋለኛው ስም ነው።

አሁን የወላጆቹን ጋብቻ ፈልጊ። የበኩር ልጃቸውን ጥምቀት ያዢና ከዚያ ወደ ኋላ ሁለት ሦስት ዓመት ሂጂ። ባልየው ከሌላ ደብር የመጣ ከሆነ የጋብቻው መዝገብ ደብሩን ይነግርሻል፣ ብዙ ጊዜ አባቱንም ጭምር። ከዚያ የሱን ቤት በዚያኛው ደብር ትቀጥያለሽ፣ የእናትየውን ደግሞ ቡኤር ላይ። ሁለት መስመር ነው የምትይዢው። ወደ 1700 ስትጠጊ ቀኑ እንዳያሳስትሽ፤ ፕሮቴስታንቶቹ አዲሱን አቆጣጠር የተቀበሉት በ1700 ነው፣ የካቲት 18 ካሉ በኋላ በማግስቱ መጋቢት 1 አሉ። ከ1648 በፊት ብዙ አትጠብቂ፣ የሠላሳው ዓመት ጦርነት ስንቱን መዝገብ ከነቤተ ክርስቲያኑ በልቶታል።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ የደብሩን ጽሕፈት ቤት ከማስቸገርሽ በፊት። በናዚ ጊዜ ሰው ሁሉ የአይሁድ ደም የለብኝም ብሎ ለማስመስከር ወደ ቄሱ ይጎርፍ ነበር፤ ብዙ ማውጫና ግልባጭ የተሠራው ያኔ ነው። መጽሐፉ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር ወይም የዘመኑ ማኅተም ብታዪ የዚያ ጊዜ ነው። ማውጫው ዛሬ ይጠቅመናል፣ ለምን እንደተሠራ ግን መርሳት የለብንም።

የእርሻው ወገን ሌላ በርም አለው። የኦስናብሩክ ገበሬ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ አብዛኛው የባላባት ወይም የገዳም ገባር ነበር። ከውጭ አግብቶ እርሻው ላይ የሚገባ ሰው ለጌታው ይከፍላል፣ ክፍያውም ይጻፋል። ያ ወረቀት ኦስናብሩክ ባለው የኒደርዛክሰን መንግሥት ቤተ መዛግብት ነው የሚፈለገው። ጋብቻውን ስታገኚ የእርሻውን ስምና መንደሩን እዚህ ጣይልኝ፣ የትኛው ጌታ ሥር እንደነበረ አብረን እናያለን። ፎቶ ስታነሺ ደግሞ ገጹን ሙሉውን አንሺ፤ የዓምዶቹ ርእስ ከላይ ከሌለ እኔም እንዳንቺው አጥር ነው የማየው።